ራስን የማግነን ጠባይ በምን ይመዘናል? ስለ ፎገራ ሜዳ ልማድና ስለ ደብረ ታቦር ታሪክ የቀረበ ጥናት

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ሲሰሙት የታሪክ ተማሪን የሚመለከት አይመስልም። የሥነ ልቡና ሊቃውንት «ናርሲሲዝም» ብለው የሚጠሩት አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ሰው ራሱን ከሚገባው በላይ አግንኖ ማየቱ፥ የሌላውን ሰው አድናቆት እንደ ግብር መጠየቁ፥ አድናቆቱ ሲቀርበት ደግሞ መቈጣቱ ነው። ስሙ የተወሰደው በውሃ ውስጥ ያየውን የገዛ መልኩን ወድዶ ከዚያው ሳይነሣ ከቀረው፥ ናርሲሰስ ከተባለው የግሪክ ተረት ጐልማሳ ነው። ይህን ጠባይ በመጠይቅና በቁጥር መለካት የቅርብ ጊዜ ሥራ ቢሆንም ሚዛኑ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። እኛ የምንጠይቀው ይህ ሚዛን ወረታ ገበያ ላይ ቢተከል ምን ይመዝናል ብለን ነው።

ጥያቄውን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ይዘን ወደ ገጠር እንወርዳለን፤ መጠይቁም ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው። ባላገሩ እንግዳ አክባሪ ስለ ሆነ ሥራውን አቁሞ ይመልስልናል፤ መልሱም ቁጥር ሆኖ ይጻፋል። ቁጥሩ የባላገሩን ጠባይ ወይስ የመጠይቁን እንግድነት እንደሚገልጽ ሳንለይ የቀረን እንደ ሆነ፥ በክፉ የሚነሣው የባላገሩ ስም እንጂ የእኛ አይደለም።

ፎገራ የሚባለው ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ይገኛል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ያቋርጡታል፤ ክረምት ሲሆንም ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በከብቱ ዘር ከጥንት ጀምሮ ስሙ የታወቀ አገር ነው፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሩዝ አገር ሆኗል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልበት ከተማ ነው። ስፍራውን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ሰው በአደባባይ ራሱን የሚያወድስበት የፉከራ ልማድ በዚህ አገር ሥር የሰደደ ነው። ሁለተኛ፥ ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ ያለችው ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች፤ የእርሳቸውም ጠባይ በሕይወት ሳሉም ከሞቱም በኋላ በብዙ ሰው ሚዛን ተመዝኗል።

የመጠይቁን ታሪክ አስቀድመን በአጭሩ እንናገራለን። (የውጭ አገሩ ነገር በእነርሱ አቈጣጠር እ.ኤ.አ. ተብሎ፥ የአገራችን ነገር በአገራችን አቈጣጠር ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል።) የናርሲሰስን ተረት ከሕያው ሰው ጠባይ ጋር ያያያዘው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃቭሎክ ኤሊስ በ1898 እ.ኤ.አ. ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1914 እ.ኤ.አ. በዚሁ ነገር ላይ የታወቀ ጽሑፍ አወጣ፤ በእርሱም ዘንድ ራስን መውደድ በሽታ ብቻ ሳይሆን ሕፃን ሁሉ የሚያልፍበት ደረጃ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ መሪ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጠባዩን በመጠይቅ ሊለካው ሞከረ። በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበሽታ መዝገቡ ሦስተኛ እትም ውስጥ እንደ አንድ የጠባይ መታወክ አድርጎ አገባው።

ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ከዚህ በአንድ ዓመት የቀደመው ሥራ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ሮበርት ራስኪንና ካልቪን ሆል ለበሽተኛ ሳይሆን ለተራው ሰው የሚሆን መጠይቅ አወጡ። ራስኪን ከሃዋርድ ቴሪ ጋር ሆኖ በ1988 እ.ኤ.አ. መጠይቁን ወደ 40 ጥንድ አሳጠረው። በየጥንዱ ሁለት ዐረፍተ ነገር አለ፤ አንዱ ራሱን ያገነነ፥ ሁለተኛው ራሱን ያላገነነ ሰው ይናገረዋል ተብሎ የታሰበ ነው። ተመላሹ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። ያገነነውን በመረጠ ቍጥር አንድ ነጥብ ይያዝበታል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይሆናል። ሊቃውንቱ ነጥቡን በሰባት ወገን ይከፍሉታል፤ ከእነዚህም የሥልጣን ፍቅር፥ ከሰው እበልጣለሁ ማለት፥ ለመታየት መውደድ፥ በመልክ መኩራት፥ ሰውን ለጥቅም ማዋልና «ይገባኛል» ማለት ይገኙባቸዋል።

በኋላ ነገሩ ይበልጥ አጠረ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሣራ ኮንራትና ባልንጀሮቿ አንድ ጥያቄ ብቻ ያለበት ሚዛን አወጡ፤ ሰውየው ናርሲሲስት መሆኑንና አለመሆኑን ራሱ ከ1 እስከ 7 ባለው ቍጥር ይናገራል። ናርሲሲስት የሆነ ሰው እንዲህ መባሉን እንደ ነውር ስለማይቈጥረው በግልጥ ያምናል ነው የሚሉት። በአሜሪካ ተማሪዎች ዘንድ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በቤጌምድር ግን አንድን ደኅና የዕድሜ ባለጸጋ «ትዕቢተኛ ነዎት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢገኝ፥ ጠያቂው በድፍረቱ ይወቀሳል፤ ሽማግሌው ግን የንስሐ ልማድ ስላላቸው «ኧረ ልጄ፥ እኔ ምን ቀርቶኝ፥ ትዕቢቱም ኃጢአቱም ሞልቶኛል» ቢሉ የሚያስደንቅ አይሆንም። በሚዛኑ መሠረት 7 ሊጻፍባቸው ነው። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎቻችን በመጽሐፉ መጨረሻ ራሳቸውን ኃጥእና በደለኛ እያሉ ስማቸውን ማስፈራቸው የታወቀ ነው፤ ይህም የጽሕፈት ሥርዓት እንጂ የጠባይ ምስክር አይደለም። ቀራጩና ፈሪሳዊው በቤተ መቅደስ የቆሙበትን ምሳሌ በሚስዮን ትምህርት ቤት በቃላችን ያጠናን ሁሉ እናውቃለን፤ ራሱን የሚወቅሰው ሰው ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኝበት ሚዛን ለዚያ ምሳሌ አይሆንም።

ሁለተኛው ችግር የቃል ነው። «ናርሲሲዝም» የሚለውን በአንድ ቃል እንተርጉም ብንል አማርኛ ከአንድ በላይ ያቀርብልናል። «ኩራት» አለ፤ ይህ ግን እንደ አነጋገሩ ምስጋናም ነቀፋም ይሆናል፤ ኩሩ ሰው የተባለ እንደ ሆነ የማይለምን፥ የማይዋረድ ማለት ሊሆን ይችላል። «ጉራ» አለ፤ ጉረኛ ያልሠራውን ሠራሁ፥ የሌለውን አለኝ የሚል ነው፤ ሰው ይሥቅበታል እንጂ አይፈራውም። «ትዕቢት» ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው፤ ትዕቢተኛ የሚበድለው አስቀድሞ ፈጣሪውን ነው። «እብሪት» ግን ኃይል ካለው ሰው ዘንድ ብቻ ይገኛል፤ እብሪተኛ ድኻ ሲባል አንሰማም። «ልታይ ልታይ ባይ» እና «ከእኔ በላይ ላሳር ባይ» የሚባሉትም አሉ፤ የፊተኛው ዓይን ይፈልጋል፥ የኋለኛው እኩያ አይፈልግም። ለመታየት የሚወደውንም «እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል» እያለ አገሩ ያስጠነቅቀዋል። እነዚህን ሁሉ ደምሮ አንድ ቍጥር ማድረግ ጤፍና ሩዝን፥ ኑግና ጓያን በአንድ ቁና ሰፍሮ ይህን ያህል እህል አለ እንደ ማለት ነው። ድምሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚበላው ሰው ግን ምን እንዳለው አያውቅም።

አሁን ወደ ፉከራ እንምጣ፤ ነገራችን የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነውና። ፉከራ ጀግና በግብር ላይ፥ ወደ ዘመቻ ሲወጣ ወይም ከዘመቻ ሲመለስ፥ «ዘራፍ!» ብሎ ተነሥቶ ሥራውን የሚናገርበት ነው። ጦሩን ወይም ጠመንጃውን ይነቀንቃል፤ ወዲያ ወዲህ ይንጐራደዳል፤ የጣለውን ጠላት ይቈጥራል፤ የአባቱን ስም ያነሣል። የፈረስ ስም ያለው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፥ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፥ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» መባላቸው ከዚሁ የመጣ ነው። የራስኪንን መጠይቅ የያዘ ሰው ይህን ቢያይ ከ40ው ብዙውን ነጥብ እዚያው ቆሞ ይሞላል። ለመታየት መውደድ አለ፤ ከሰው እበልጣለሁ ማለት አለ፤ ሥልጣንም አለ።

ነገር ግን ሦስት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ፉከራ ቦታና ጊዜ አለው። በግብር ላይ የፎከረው ሰው በማግስቱ በዕርሻው ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲሁ ቢናገር ዕብድ ይባላል። ሁለተኛ፥ የሚፎክረው አብረውት የዘመቱት በተቀመጡበት ነው፤ ያልጣለውን ጣልሁ ቢል የሚያፍረው እዚያው ነው። ሦስተኛውና ለሚዛኑ ከሁሉ የሚከብደው፥ ፎካሪው ራሱን ከፍ ከፍ ሲያደርግ በዚያው ትንፋሽ «የእገሌ አሽከር!» ብሎ የጌታውን ስም መጥራቱ ነው። ኩራቱ ከአሽከርነቱ አይለይም፤ እንዲያውም በአሽከርነቱ ይኮራል። በመጠይቁ ካሉት ጥንዶች አንዱ ሰውን ማዘዝ የሚወድን ሰው ከአንድ ወገን፥ መታዘዝ የማይከብደውን ሰው ከሌላ ወገን አድርጎ «ምረጥ» ይላል። የቤጌምድር ፎካሪ ሁለቱንም ነው። አንዱን ምረጥ ካሉት ይመርጣል፤ የመረጠው ግን ግማሽ ሰውነቱን ነው።

ይህን ስንል ፉከራ ባለበት አገር ራሱን ያገነነ ሰው የለም ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልን። አለ፤ የሚታወቀው ግን በፉከራው አይደለም።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ጠባዩን ለመለካት የተደረጉ ሌሎች ሙከራዎችም አሉ። ኒኮላስ ሆልትስማንና ባልንጀሮቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ትንሽ የድምፅ መቅጃ ይዘው እንዲውሉ አደረጉ፤ መቅጃው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየቀዳ ሰውየው ከማን ጋር እንደሚውል፥ እንዴት እንደሚናገር ያስቀራል። ይህ ከመጠይቅ የተሻለ መሆኑን አንክድም፤ የሚሰማው ሰውየው ስለ ራሱ የሚያስበውን ሳይሆን የሚያደርገውን ነውና። ሌሎች ደግሞ «እኔ» የሚለውን ቃል መቍጠር መረጡ። ራስኪን ከሮበርት ሾው ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. እንደ ጻፈው፥ በመጠይቁ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች በንግግራቸው «እኔ» ማለት ያበዛሉ፥ «እኛ» ማለት ያሳንሳሉ። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ታምኖ ኖረ። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን አንጄላ ኬሪና ባልንጀሮቿ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የሚናገሩ 4,811 ሰዎችን መርምረው በሁለቱ መካከል ዝምድና የለም ለማለት የሚያበቃ ውጤት አገኙ።

በአማርኛማ ነገሩ ከመጀመሪያውም የሚሆን አልነበረም። «መጣሁ» ስንል «እኔ» በግሱ ውስጥ ተሸሽጎ አለ፤ «እኔ መጣሁ» የምንለው ሌላው ቀርቶ እኔ ለማለት ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ግሱን እንቍጠር ብንል ደግሞ የምንቈጥረው ታሪክ መተረኩን እንጂ ራስ መውደዱን አይሆንም። በእንግሊዝኛ ትምህርት «ወንድሜና እኔ» በሉ፥ ራስን ማስቀደም ነውር ነው ተብለን ተምረናል፤ በአማርኛ «እኔና ወንድሜ» የሚል ሰው ግን ማንንም አላስቀየመም። ነገሥታቱም በአዋጅ «እኛ» ይሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ በዚህ ቍጥር ቢሄዱ ከገዳማዊ ይልቅ ትሑት ይሆናሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም አንድ ተማሪ ሲሆን «እኛ» እያለ ይጽፋል፤ ይህ ትሕትና ነው የሚሉ መምህራን አሉ፥ የንጉሥ አነጋገር ነው የሚሉ ባልንጀሮችም አሉ።

ከ«እኔ» ይልቅ የሚሻለው «አንተ» የሚለው ቃል ነው። በፎገራ ገጠር ከፍ ያለ ሰው «አንቱ» ይባላል፤ እኩያ «አንተ» ይባላል። አንድ ሰው «አንቱ» መባልን ከማን ይጠብቃል? ለማንስ ይነፍጋል? ሹመት ሲያገኝ ትናንት «አንተ» ይሉት የነበሩትን ባልንጀሮቹን ምን ይላቸዋል? ይህ ያለ መጠይቅ በጆሮ ብቻ የሚሰማ ነው፤ እስከ አሁን በዚህ መንገድ የሠራ ተማሪ ቢኖር ለማንበብ እንወድ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንገባለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነገሡ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። በእነዚህ 13 ዓመታት የሠሩትን ሁሉ ለመዘርዘር አይደለም ያነሣናቸው። ስለ ናርሲሲዝም ከሚነገረው አንድ ነገር፥ ራሱን ያገነነ ሰው ሲሰደብ ይብሳል የሚለውን ለመፈተን ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ብራድ ቡሽማንና ሮይ ባውማይስተር ይህን በሙከራ አሳዩ። ተማሪዎች ድርሰት ይጽፋሉ፤ ድርሰታቸው በክፉ ቃል ተነቅፎ ይመለስላቸዋል፤ ከዚያም በአንድ ጨዋታ ነቃፊያቸውን በከባድ ድምፅ እንዲያስጨንቁ ዕድል ይሰጣቸዋል። ድምፁን አብልጠው ከፍ ያደረጉት ራሳቸውን የሚያገኑትና የተሰደቡት ነበሩ።

ንጉሡ በዘመናቸው ሁለት ታላላቅ ስድብ ደርሶባቸዋል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው ሐሳብ፥ እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው፥ ቱርኮችን ከአገራቸው ለማስወጣት እንደሚያስቡ፥ ለመልክተኞቻቸውም መንገድ እንዲጠበቅላቸው ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ሚዛኑን ያስታውስ፤ ከትቢያ ተነሣሁ ማለት ትሕትና ነውን? እግዚአብሔር ለእኔ መረጠኝ ማለት ትዕቢት ነውን? በዚያ ዘመን ቋንቋ ሁለቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ናቸው። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡም በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩት።

ሁለተኛው የሄንሪ ስተርን ነገር ነው። ይህ ሚስዮናዊ በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ እንደ ነበሩ ጽፎ ነበር። በ1856 ዓ.ም. መጀመሪያ በንጉሡ ፊት አገልጋዮቹ ሲደበደቡ በድንጋጤ እጁን ነከሰ፤ በአገራችን እጅ መንከስ የቂም መሐላ ምልክት ስለ ሆነ እርሱም ተደበደበ። ወረቀቱ ተፈትሾ ስለ እናታቸው የጻፈው ሲገኝ እስራቱ ጸና። ለእኛ ጥናት የስተርን እጅ ከመጽሐፉ አያንስም። ድንጋጤ የነበረው ዛቻ ሆኖ ተነበበ፤ አንባቢው የሌላ አገር ሰው ነበርና። መጠይቅ ይዞ የሚሄድ ተማሪም ተገላቢጦሹ ይደርስበታል።

ታዲያ ንጉሡን ናርሲሲስት እንበላቸውን? በሁለቱ ነገሮች ብቻ ከሆነ አንችልም። ሰላምታ ልኮ መልስ ያጣ ሰው መናቁን ማወቁ፥ እናቱ የተሰደበችበትም ሰው ደም መፍላቱ በቤጌምድር የማንም ባላገር ጠባይ ነው። ልዩነቱ ባላገሩ ሰንሰለትና እስር ቤት የሌለው መሆኑ ነው። ሙከራው ያሳየው የአንድን ሰው ቍጣ ከጎረቤቱ ቍጣ ጋር በማስተያየት ነው፤ በታሪክ ግን ንጉሥን የምናስተያይበት ጎረቤት የለም።

ሌላ የሚያደናግር ምስክር አለ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጐተት፥ መንገዱ በድንጋይ ላይ እየተቈረጠ ይሠራ ነበር፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ራሱን ያገነነ ሰው ድንጋይ አይሸከምም የሚል ይኖራል፤ እዩኝ ሲል ይሸከማል የሚልም ይኖራል። መጠይቁ ለሁለቱም ነጥብ የለውም።

ሆኖም በዚህ ብቻ ነገሩን ብንዘጋ አገራችንን ደስ ለማሰኘት የጻፍን ይመስላል። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት የቤጌምድር ባላገር ምን ደረሰበት? በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፥ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ጦሩ ከደብረ ታቦር እየወጣ በዙሪያው ያለውን አገር እየበዘበዘ እህልና ከብት አራቈተው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ንጉሡን አልሰደቡም፤ ለደብዳቤያቸው መልስ አልነፈጉም፤ ስለ እናታቸውም አልጻፉም። ዐመፅ በየስፍራው ተነሥቶ ነበር፥ ጦሩም መብላት ነበረበት ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ላይ የፉከራ ልማድም፥ የክብር ልማድም፥ የሰዋስው ልዩነትም ማመካኛ አይሆንም። ሊሰድበን የማይችለውን ሰው የምናደርገው ነገር ከተሰደብን በኋላ ከምናደርገው ይልቅ ጠባያችንን ይገልጻል፤ ንጉሡም መመዘን ካለባቸው የሚመዘኑት ከካሜሮንና ከስተርን ይልቅ በዚህ ነው።

የመዘኗቸውም ሰዎች የቆሙበት ስፍራ ልዩ ልዩ ነው። ደብተራ ዘነብ ከቤተ መንግሥቱ ወገን ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ታሪክ በአማርኛ ጻፈ፤ የሚያመሰግን ነው። አለቃ ወልደ ማርያም ክፉውን ዘመን ሳይሸሽግ ጻፈ። ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ከራሳም ጋር መልክተኛ ሆኖ መጥቶ፥ በ1858 ዓ.ም. ከፎገራ በታች በሐይቁ ዳር በቆራጣ ሰነበተ፥ በኋላም እስረኛ ሆነ። ከተፈታ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ ሐኪም የጻፈው ስለ ሆነ ብዙ ሰው ንጉሡን በዚያ ይመረምራል፤ ነገር ግን ብላንክ ሐኪም ብቻ አልነበረም፥ ሰንሰለት ያለበት ሐኪም ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፥ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ንጉሡን ለአንድነት የደከሙ ጀግና አድርገው አቀረቧቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የጎደለው ከብቱ የተነዳበት ባላገር የጻፈው ነው፤ እርሱ አልጻፈምና።

የሩቅ ሰውን መመርመር በአሜሪካም ከባድ ነገር አምጥቷል። በ1964 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሔት ለፕሬዚዳንትነት ስለሚወዳደሩት ስለ ባሪ ጎልድዋተር ለ12,356 የአእምሮ ሐኪሞች ጥያቄ ላከ፤ 2,417 መለሱ፤ 1,189 የሚሆኑትም አንድ ቀን እንኳ ሳይመረምሯቸው ለሥልጣን ብቁ አይደሉም አሉ። ጎልድዋተር ከስሰው ረቱ፤ የሐኪሞቹም ማኅበር በ1973 እ.ኤ.አ. ማንም ሐኪም ያልመረመረውን ሰው በአደባባይ እንዲህ ነው እንዳይል ደንብ አወጣ። ይህ ደንብ የታሪክ ጸሐፊን አያስርም፤ በመቅደላ ለሞቱት ንጉሥ ግን የአንድን ዘመን የበሽታ ስም ከመለጠፍ በፊት ሊታሰብ ይገባዋል።

ስለ አማራ ጠባይ በሰፊው የጻፈው ዶናልድ ሌቪን ነው፤ «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉ በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስለ ወንድነትና ለብቻ መቆም ስለ መውደዳችን የጻፈው ዛሬም ያከራክራል። የእርሱ ገጠር መንዝ መሆኑን ግን ሰው ይረሳዋል። የደጋው መንዝና የውሃ ሜዳው ፎገራ በአንድ ቋንቋ ቢናገሩም አንድ አገር አይደሉም። በፎገራ ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ሕግ እናገኛለን። ከወረታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው አውራ አምባ የተባለው ማኅበር ወንዱ እንዲፈትል፥ ሴቷ እንድታርስ፥ ሥራ በችሎታ እንጂ በፆታ እንዳይከፈል ደንብ አድርጓል። በአውራ አምባ ያደገ ሰውና በግብር ላይ ሲፎከር እየሰማ ያደገ ሽማግሌ 40ውን ጥንድ ቢመልሱ ነጥባቸው እንደሚራራቅ አንጠራጠርም። ርቀቱ የሚነግረን ግን የሁለቱን ማኅበር ደንብ ነው፤ ከአውራ አምባ ውስጥ ማን ራሱን እንደሚያገን፥ ከሽማግሌዎቹም ማን ትሑት እንደ ሆነ አይነግረንም።

እንግዲህ በወረታ ዙሪያ መሥራት የሚፈልግ ባልንጀራ ቢኖር እኛ የምንመክረው ይህ ነው። ሰውየውን ስለ ራሱ አይጠይቅ። ሊቃውንቱም ራሳቸው ከቅርብ ዘመን ወዲህ ከባለቤቱ ይልቅ የሚያውቁትን ሰዎች መጠየቅ ጀምረዋል፤ አገራችን ደግሞ ይህን ያለ ሊቅ ታውቀዋለች። አዝማሪ የሚሸልመውን ጌታ ያወድሳል፥ ለሚንቀው ግን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ይነግረዋል፤ የተሰበሰበው ሰው ሲሥቅ ጌታው ለምን እንደ ተሣቀ የማያውቅ እንደ ሆነ መጠኑ ታወቀ። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቁት ከሰውየው በታች ያሉት ይሁኑ፤ ሚስቱ፥ እረኛው፥ በሩዝ አጨዳ ጊዜ ለቀን ሥራ የሚመጡት ሙያተኞች፥ መሬቱን የእኩል የሚያርስለት። ጥያቄውም «ይኮራል ወይ?» አይሁን። ሥራ ሲበላሽ ማንን ይወቅሳል? ደቦ ሲጠራ እርሱ ራሱ የሰው ደቦ ላይ ይወጣል ወይ? ሰው ሲያመሰግነው የረዱትን ስም ያነሣል ወይ? ሽማግሌ ሲፈርድበት ይቀበላል ወይ? የሚል ይሁን። ከዚህ በኋላ ጎረቤቶቹን፥ በመጨረሻም ሰውየውን ራሱን ቢጠይቅ፥ ሦስቱን መልስ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚራራቁበትን ቦታ ማየት ይችላል። መልሶቹ በተራራቁበት ቦታ ሁሉ ደግሞ መልሱ በተሰጠበት ሰዓት ጌታው አጠገብ መቆሙንና አለመቆሙን በወረቀቱ ጠርዝ ይጻፍ።